ተረቴን መልሱ

ሱቄ ግድግዳ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል ገበታ ተለጥፏል። ኤ ላይ ፖም፣ ቢ ላይ ኳስ አለ። ኤክስ ላይ ሲደርስ ባለቀለም ጠፍጣፋ እንጨቶች ተደርድረው ሁለት መምቻ ተጋድሞባቸዋል፤ ዛይሎፎን ነው። ደብረ ታቦር ውስጥ ዛይሎፎን ያየ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም፤ እኔም በዓይኔ አላየሁም። የልጅ ልጄ ግን በአራት ዓመቷ ስሙን አቀላጥፋ ትጠራው ነበር። በዚያው ሰሞን በረንዳ ላይ ቆመን በጣቴ ወደ ጉና ሳሳያት «እምዬ፣ ያ ደመና የለበሰው ምንድን ነው?» አለችኝ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ጠዋት ማታ ፊቷ ተገትሮ፣ ስሙን የሚነግራት አንድ ሥዕል አልነበረም።

ገበታውን ከባሕር ዳር አምጥቼ የምሸጠው እኔው ነኝ። ክሱ ከኔ ይጀምር።

26 ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፕ ስመታ ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ ይህችን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፈትኩ። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ የደብተር ልባስ፣ መብራት ሲኖር ፎቶ ኮፒ። መስከረም ላይ ሰው ይጋፋል፤ ከጥቅምት በኋላ እኔና ዝንቦቹ ብቻችንን ነን። የመጽሐፍ መደርደሪያዬ ሁለት እርከን ነው። ላይኛው ላይ አጋዥ መጻሕፍት ናቸው፤ ያለፉ ዓመታት ፈተና ከነመልሱ። ኪራዬን የሚከፍሉልኝ እነሱ ናቸው። ታችኛው የልጆች ነው፦ ሀ ሁ፣ በስስ ወረቀት በጥቁርና ነጭ የታተሙ ጥቂት የተረት መጻሕፍት፣ የቀሩት ከውጭ የመጡ የሚያብረቀርቁ ናቸው። አንደኛው ላይ አፍንጫው ካሮት የሆነ የበረዶ ሰው ይስቃል። ልጆቹ እሱን ይዳስሱታል፣ ወላጆቻቸው ዋጋውን ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ደብተር ገዝተው ይሄዳሉ።

ለንደን የምትኖረው የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት በሰው እጅ ዕቃ ላከችልኝ። ባሕር ዳር ደርሶ መንገድ እስኪከፈት ሦስት ሳምንት ተቀመጠ፤ 100 ኪሎ ሜትር ለምትሆን መንገድ። ሲመጣ የደም ግፊት መድኃኒቴ አለ፣ ሹራብ አለ፣ በሹራቡ ውስጥ ደግሞ የእንግሊዝኛ የልጆች መጽሐፍ ተጠቅልሏል። ኤልዛቤት ሌርድ የሚባሉ እንግሊዛዊት ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ከአንበሶች ጋር የተራመደው ልዑል» ይሆናል። ልዑሉ የኛው ዓለማየሁ ነው።

የኛው ስል አላጋነንኩም። ዓለማየሁ የተወለደው እዚሁ ደብረ ታቦር፣ በሚያዝያ ወር 1853 ዓ.ም. ነው። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ እናቱ የደጃዝማች ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ። ከከተማችን ወጣ ብሎ ጋፋት ላይ ፈረንጆቹ የእጅ ባለሙያዎች ለአባቱ መድፍ ያቀልጡ ነበር፤ ሴባስቶፖል ከዚያ ተነሥቶ ነው በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ወራት ፈጅቶ መቅደላ የወጣው። መድፉን የደብረ ታቦር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ልጁን ግን? አንድ ሰሞን ደብተር ሊገዙ የሚመጡትን ተማሪዎች «የቴዎድሮስ ልጅ ማን ይባላል?» እያልኩ ያዝኳቸው። አንዱ ጎረምሳ ሒሳቡን እየቆጠረ «ቴዎድሮስ ልጅ ነበራቸው እንዴ?» ብሎኝ መልሱን እንኳ ሳይጠብቅ ሄደ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አባቱ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ሲጠጡ ልጁ ሰባት ዓመት ሊሞላው ቀናት ቀርተውት ነበር። እናቱ የእንግሊዝ ጦር ወደ ባሕር ሲመለስ አብረው ሲጓዙ መንገድ ላይ ሞቱ። ልጁን የያዘው ካፒቴን ስፒዲ ነው፤ ቀድሞ በቴዎድሮስ ዘንድ ያገለገለ፣ አማርኛ የሚችል፣ የኛ ሰዎች ባሻ ፈለቀ እያሉ የሚጠሩት ቁመተ ረጅም እንግሊዛዊ። የልጁ መምህር አለቃ ዘነብም አብረው ተነሥተው ነበር። አለቃ ዘነብ ማለት የቴዎድሮስን ዜና መዋዕል በአማርኛ የጻፉት፣ መጽሐፈ ጨዋታን የደረሱት ሰው ናቸው። ጽሑፍ ማለት ግእዝ በነበረበት ዘመን አማርኛን ብራና ላይ ካዋሉት ጥቂቶች አንዱ ማለት ነው። እንግሊዝ ሳይደርሱ ከመንገድ ተመለሱ። መርከቡ ልጁን ይዞ ሄደ፣ አማርኛው ወደ ኋላ ቀረ። ከአባቱ ሞት ይልቅ እኔን የምታመኝ ይህች ናት።

የቀረው በአጭሩ ይህ ነው። ንግሥት ቪክቶሪያን በዋይት ደሴት አየ፤ ከስፒዲ ጋር ሕንድ ደርሶ ተመለሰ፤ በኋላ ከስፒዲም ነጥለው ቼልትናም፣ ቀጥሎም ራግቢ አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቡት። ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ሞከረ፣ አልሆነለትም። ሊድስ በሚባል ከተማ፣ ሲሪል ራንሰም የሚባል መምህሩ ዘንድ ተቀምጦ ሳለ ታመመ፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ። መቃብሩ ዊንድዘር ነው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር፤ መምህሩ ራንሰም ከአራት ዓመት በኋላ ልጅ ወለደ። አርተር ራንሰም ይባላል፤ አድጎ የሩሲያን ተረቶች ለእንግሊዝ ልጆች የጻፈ፣ ከዚያም በጀልባ ስለሚጫወቱ ልጆች በጻፋቸው መጻሕፍት አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ደራሲ ሆነ። የኛ ልጅ አልጋ ላይ ወድቆ ያጣጣረው የልጆች ደራሲ ሊወለድበት ባለው ቤተሰብ ውስጥ ነበር። ይህን ሳውቅ ብዙ ሌሊት አልተኛሁም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ አንድ ሌሊት ግን አልተኛሁም።

መጽሐፉን ለልጅ ልጄ ማንበብ የጀመርኩት መብራት በጠፋበት ምሽት ነው። የስልኬን ባትሪ አብርቼ ብርጭቆ ላይ አስደገፍኩት። የአምሳሉ አክሊሉን መዝገበ ቃላት ጉልበቴ ላይ አደረግሁ። የታይፒስት እንግሊዝኛ ነው ያለኝ፤ ፊደሉን አውቀዋለሁ፣ ትርጉሙን እየቆፈርኩ ነው የማወጣው። አንድ ዓረፍተ ነገር በሆዴ አነባለሁ፣ በአማርኛ እነግራታለሁ። ልብ ወለድ መሆኑን፣ ታሪክ ያልመዘገበውን ደራሲዋ በሐሳባቸው እንደሞሉት አስቀድሜ ነግሬያታለሁ። «እሺ» አለች፤ ለእሷ ልዩነት የለውም።

ገና ከርእሱ ተያዝን። «ልዑል ምንድን ነው?» የንጉሥ ልጅ ነው አልኳት። «ታዲያ ቅድም ደጃች ዓለማየሁ አላልሽም?» ብያለሁ። ደጃችም ነበር። እንግሊዝኛው አንድ ቃል አለው፣ እኛ ቤት ግን ማዕርጉ በየደረጃው ነው። ለስምንት ዓመት ልጅ ይህን ሳስረዳ የተጣደው ቡና እስኪገነፍል ቆየሁ።

ትልቁ ነገር የመጣው ግን ትምህርት ቤቱ ላይ ነው። «አዳሪ ትምህርት ቤት አስገቡት» አልኳት። ቀና አለች። «ቆሎ ተማሪ ሆነ?»

እዚህ አገር ከቤቱ ርቆ የሚማር ልጅ ሌላ ትርጉም የለውም። ደጃችን ላይ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ የሚቆሙትን ልጆች ታውቃቸዋለች፤ ለምዳቸውን፣ አኮፋዳቸውን፣ ውሻ የሚመክቱባትን በትር። ወደ ጋይንት ወደ ቤተልሔም ድጓ ሊማሩ፣ ወደ ዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕት ሊማሩ ያልፋሉ። እኔ እንግሊዝኛውን ሳነብ የነበረው እንግዳ ቤት፣ እንግዳ አልጋ፣ እንግዳ ደወል፣ በአንድ «አዳሪ» በሚል ቃል እሷ የምታውቀው አገር ሆነ። ጥያቄው ተከታተለ። ውሻ ነክሶት ያውቃል? ለምድ አለው? ብርድ ነው? ቁራሽ የሚሰጠው ማን ነው? «ንግሥቲቱ ናት» አልኳት። አሰብ አደረገችና «ታዲያ ለምን ያዝናል?» አለችኝ። መልስ አጥቼ ባትሪዬ እያለቀ ነው አልኳት።

ትርጉም ማለት ቃል መገልበጥ ብቻ መስሎኝ ኖሬ ነበር። መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስገለብጥ የኖርኩ ሰው ነኝና አይፈረድብኝም። በዚያ ምሽት ያየሁት ግን ያው ልጅ፣ ያው ታሪክ፣ በአማርኛ ሲነገር ሌላ በር የሚከፍት መሆኑን ነው። የእንግሊዝ ልጅ ይህን መጽሐፍ ሲያነብ ከሩቅ አገር ስለመጣ እንግዳ ያነባል። የደብረ ታቦር ልጅ በአማርኛ ብታነበው ከሰፈሯ ስለወጣ ልጅ ታነባለች። ደራሲዋ ይህን ሁለተኛውን መጽሐፍ ሊጽፉት አይችሉም፤ ቢፈልጉም አይችሉም። የሚጽፈው ተርጓሚው ነው።

ደራሲዋን ለማወቅ ጓጓሁና የእህቴን ልጅ ስለ እሳቸው ያገኘችውን ሁሉ በስልክ እንድትልክልኝ አስቸገርኳት። ኤልዛቤት ሌርድ እ.ኤ.አ. በ1943 ኒው ዚላንድ የተወለዱ፣ ለንደን ያደጉ ሴት ናቸው። ገና በ18 ዓመታቸው ማሌዥያ ሄደው አስተማሩ። በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ በነሱ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ መጥተው አስተማሪ ሆኑ፤ በዕረፍት በአውቶቡስና በፈረስ ገጠሩን ዞሩ። ከባለቤታቸው ጋር ኢራቅ ኖረዋል፣ ጦርነት ላይ በነበረችው ቤይሩት ኖረዋል። የጻፏቸው የልጆች መጻሕፍት የኖሩበትን ይመስላሉ፤ ከኢራቅ ስለሸሸች የኩርድ ልጅ በ1991፣ ራማላ ውስጥ ኳስ የሚጫወትበት ቦታ ስለሚፈልግ የፍልስጥኤም ልጅ በ2003፣ ስለ ሊባኖስ፣ ስለ ሶርያ ስደተኞች። ስለ እኛም ከአንድ በላይ አላቸው። አንደኛው በ2003 የወጣው «የቆሻሻው ንጉሥ» የሚያሰኝ ርእስ ያለው የአዲስ አበባ ጎዳና ልጆች ታሪክ ነው። ማሞ የሚባል ድሃ ልጅ እና ዳኒ የሚባል የሀብታም ልጅ ጎዳና ላይ ይገናኛሉ፤ ማሞ ተታልሎ ገጠር ከብት ጠባቂ ሆኖ የተሸጠ ነው። ሌላው በ2014 የወጣ፣ ሰለሞን ስለሚባል ሯጭ የገጠር ልጅ ነው፤ ከአያቱ ጋር በእግሩ አዲስ አበባ ይገባል፣ አያቱ ይታመሙበታል፣ ወሬውን ቤት ለማድረስ መሮጥ አለበት። ሁለቱም እንግሊዝ ውስጥ ለካርኔጊ ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ ሆነው ነበር።

ስለ ሯጩ ልጅ ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት በዙሪያችን ያሉትን የፋርጣን ልጆች ነው። ጠዋት ጠዋት ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ጭቃውን እየዘለሉ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጡትን። ያ መጽሐፍ የተጻፈው ስለ እነሱ ነው፤ እነሱ ግን መኖሩንም አልሰሙ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ተረት መሰብሰባቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ተመልሰው መጥተው፣ በብሪቲሽ ካውንስል አማካይነት ከክልል ክልል እየዞሩ፣ ቴፕ ይዘው ሽማግሌና ባልቴት አስቀምጠው ተረት ቀዱ። ከመቶዎቹ ተረቶች የተመረጡት በቀላል እንግሊዝኛ ለትምህርት ቤቶቻችን ማንበቢያ ሆነው ወጡ፤ ለእንግሊዝ ልጆችም በ2000 በመጽሐፍ ታተሙ። በኋላ የጉዞውን ታሪክ ራሱን ለዐዋቂዎች ጻፉት፤ ርእሱ ሰውን ወደ ቀፎ በምትመራው ወፍ የተሰየመ ነው።

እንግዲህ አስቡት። የአፋሩ ተረት በአፋርኛ ተነገረ፣ የኛው በአማርኛ ተነገረ፣ ሁሉም ተሰብስቦ በእንግሊዝኛ ተመለሰ። እናቴ ተረት ስትጨርስ እንደማንኛዋም የዚህ አገር እናት «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ትል ነበር። እኛ የምናስበው ዳቦውን ብቻ ነበር። «መልሱ» የምትለዋን ማን ልብ ይላታል? አሁን ነው ያሰብኳት።

ሱቄ ፊት ለፊት ያለችው አግዳሚ ላይ ጋዜጣ የሚያነቡ ጡረተኛ የታሪክ መምህር አሉ። ይህን ሳወራቸው ተቆጡ። «አንቺ ደግሞ! ልጁን ወሰዱ፣ መጻሕፍታችንን ወሰዱ፣ አሁን ደግሞ ታሪኩን ጽፈው ሊሸጡልን?» ቁጣቸው ከመሬት አልተነሣም። የመቅደላው ምርኮ በ15 ዝሆንና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ነው የወረደው፤ ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ብሪቲሽ ሙዚየም ገብተዋል። እኔ ግን «መምህር፣ ተረት እንደ ብራና አይደለም፤ ሲወስዱት እዚህም ይቀራል» አልኳቸው። ሴትዮዋ ቴፑን ይዘው ሲዞሩ እኛ የት ነበርን? ስለ አባትየው ስንት ተጽፏል፤ አቤ ጉበኛ ጽፈዋል፣ ብርሃኑ ዘሪሁን ጽፈዋል፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ለመድረክ አብቅተዋል። ሁሉም ለትልቅ ሰው ነው። ከታችኛው እርከኔ ላይ ለስምንት ዓመት ልጅ የሚሆን፣ የዚህ ከተማ ስም ያለበት መጽሐፍ ያውጡልኝ አልኳቸው። ጋዜጣቸውን ገለጡ። በማግስቱ ሲመጡ «ከበደ ሚካኤል የጻፉት ታሪክና ምሳሌስ?» አሉኝ። አዎ፣ እኛ ያደግነው በሱ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ያሰቡት መሆኑ ደስ አለኝ። ግን ከሱ ወዲህስ ስንት ዓመት ሆነ?

የሞከሩ የሉም አልልም። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ አሉ፤ የነገሌ ቦረና ልጅ። ከትምህርት መጽሐፍ ውጭ የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ያነበቡት በ19 ዓመታቸው ነው። ተሰደው አሜሪካ ገቡ፣ ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የልጆች ክፍል ሠራተኛ ሆኑ። ያን ሁሉ የዓለም ቋንቋ የልጆች መጽሐፍ ሲያዩ የአማርኛው ጉድለት አንገበገባቸው፤ የእናቱን ምክር ያለቦታው እያዋለ ጉድ የሚፈላበትን የቂሉን ማሞ ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን አድርገው እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ። በዓመቱ አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭነው ልጆቹ ወዳሉበት ወሰዱ። ሲኤንኤን በ2008 ከዐሥሩ ጀግኖቹ አንዱ አድርጎ መረጣቸው። አህያ! እኛ ጋ አህያ ጠፍቶ ነው? ቅዳሜ ገበያ ላይ ቆጥሬ አልጨርሳቸውም።

ከእሳቸው ጋር የሠሩት ጄን ከርትዝ ደግሞ ሌላዋ ናቸው፤ በሁለት ዓመታቸው መጥተው ማጂ ያደጉ አሜሪካዊት። በብርድ ተራራ ላይ የሩቅ እሳት እያየ ያደረውን እረኛ ተረት፣ እያንዳንዳችን የምናውቀውን፣ በሥዕል አስውበው እ.ኤ.አ. በ1994 ለአሜሪካ ልጆች አደረሱት። በ1998 የጻፉት ልብ ወለድ ከዚሁ ከኛ ጎንደር የተነሡ የሁለት ልጃገረዶች ታሪክ ነው፤ አንዷ ቤተ እስራኤል፣ አንዷ ቅማንት፣ ሁለቱም ወደ ሱዳን ይሸሻሉ። ተረት ያለው አገራችን፣ መጽሐፉ ያለው ሌላ አገር። የኔ ቅሬታ ከደራሲዎቹ ጋር አይደለም። እነሱማ ሥራቸውን ሠርተዋል።

ቅሬታዬ ከራሴ መደርደሪያ ይጀምርና ወደ ጎረቤት ይሻገራል። አንድ ጊዜ በዚህ ዞን ያለ አንድ ቦታ ከውጭ የተለገሱ የልጆች መጻሕፍት ካርቶን ሙሉ ተቆልፎ አይቻለሁ። ዘበኛው ከፍቶ አሳየኝ፤ ላዩ ላይ ያለው መጽሐፍ ስለ ኒው ዮርክ የምድር ባቡር ነው፣ አይጥ ጫፉን በልታዋለች። ቁልፍ ያዡ ተዛውሮ ሄዷል፣ ተኪው አልተረከበም። ዘበኛው ራሱ አንዱን ገልጦ ሥዕሉን ሲያይ ቆይቶ «ይሄ ለኛ ልጅ ምን ይሆናል ብለሽ ነው?» አለኝ። ቁልፉ ባይጠፋም ጥያቄው ይቀር ነበር ወይ?

የወረቀት ዋጋ ሰማይ መንካቱን አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ ደብተር የምሸጠው። የልጆች መጽሐፍ ሥዕል ይፈልጋል፣ ሥዕል ቀለም ይፈልጋል፣ ቀለም ዶላር ይፈልጋል። አሳታሚ ቢፈራ አይገርመኝም። ነገር ግን አንድን ነገር ከአንድ ነገር ጋር አስተያዩልኝ። የዓለማየሁ አጽም እንዲመለስ አገራችን በ2007፣ በነሱ አቆጣጠር፣ በፕሬዚዳንት ግርማ ጠይቃለች፤ ቤተሰቦቹም ጠይቀዋል። በ2023 ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት በዙሪያው ያረፉትን ሌሎች ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ እምቢ አለ። በዚያው ዓመት የፀጉሩ ቁንጮ ተመለሰ፤ አንዲት ቁንጮ። ለአጽሙ የንጉሥ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለታሪኩ የሚያስፈልገው ለአሳታሚው ለማክሚላን የሚጻፍ አንድ ደብዳቤ ነው፤ የትርጉም መብት ለመጠየቅ። ደብዳቤውን እኔ ታይፕ አደርገዋለሁ፤ 26 ዓመት የበላሁበት ሥራ ነው።

ተርጓሚው ግን የዚህ አገር ሰው እንዲሆን እለምናለሁ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ቢተረጉመው ክፉ አይሆንም፤ ነገር ግን ጭጋግ ጉናን ሲሸፍን፣ ገብስ ሲያሸት፣ ድንች ከጥቁር አፈር ሲወጣ ያላየ ሰው፣ ልጁ እንግሊዝ ሆኖ የሚናፍቀው ደጋ ምን እንደሚሸት አያውቅም። ዩኒቨርሲቲ አለን። እንግሊዝኛ የሚማሩ፣ አማርኛ የሚማሩ ወጣቶች ከሱቄ ወረቀት ገዝተው መመረቂያ ጽሑፋቸውን ያስጠርዛሉ። ርእሶቹን አነባቸዋለሁ፤ ኮፒ ሳደርግ ሥራዬ ነው። አንዳቸው እንኳ ስለ አንድ የልጆች መጽሐፍ ሲሆን አላየሁም።

ትርጉሙ ከተጀመረ ደግሞ የራሳችን ይከተላል ብዬ አምናለሁ። አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ናበጋ ሰው ናቸው፤ ቀልዳቸው በየጠላ ቤቱ እየተነገረ፣ ብዙው ለልጅ የማይነገር መሆኑን ባውቅም፣ የሚነገረው አንድ መጽሐፍ ይሞላል። በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራው አቋቋም መናገሻው እዚሁ ደብረ ታቦር ነው፤ የሸንበቆ ውዝዋዜ ተመስሎ የተቀመረ ነው ይባላል፤ ይህ እንዴት ያለ ሥዕል ይወጣዋል! ጋፋትም አለ። ሰባ ኩንታል ይመዝናል የሚባል መድፍ ሲጎተት የሚያሳይ አንድ ገጽ ብትስሉልኝ፣ የበረዶውን ሰው ከነካሮቱ ከመደርደሪያዬ አወርደዋለሁ።

በቡሄ ዕለት፣ ነሐሴ 13፣ ያው የከተማችን በዓል ነው፣ ዝናቡ ጋብ ሲል የሰፈሩ ልጆች ጅራፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጠምጥመው እየጨፈሩ መጡ። ሙልሙሉን ገና ከምጣድ አላወጣሁትም ነበር። «ቆዩ» አልኳቸው። የልጅ ልጄ ደጃፉ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ እሷ ቁጭ በሉ ስትል የማይቀመጥ የለም። ተረት ተረት አለች። የላም በረት አሉ። ከዚያ የደብረ ታቦሩን ልጅ ነገረቻቸው። አባቱ አንበሳ ነበራቸው። መርከብ ጫኑት። መምህሩን ከመንገድ መለሱበት። ሩቅ አገር ቆሎ ተማሪ ሆነ፤ ለምድ አልነበረውም፣ ብርድ ነበር፣ ንግሥቲቱ ቁራሽ ትሰጠዋለች ግን ያዝናል። «ለምን ያዝናል?» አለ አንዱ። «አማርኛ የሚያወራው የለማ!» አለችው። ለእኔ ያልመጣልኝ መልስ።

ሙልሙሉን ሳድል ትልቁ ልጅ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ወደ ኋላ ቀረ። «እማማ፣ መጽሐፉን ላንብበው?» አለኝ። ከመደርደሪያው አውርጄ ሰጠሁት። ሽፋኑን ገለጠ፣ መጀመሪያውን መስመር በጣቱ እየተከተለ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ሦስተኛው ቃል ላይ ቆመ። ሁለት ገጽ አገላበጠ። ዘጋውና በሁለት እጁ መለሰልኝ።

«የአማርኛው ሲመጣ ያስቀምጡልኝ» አለና፣ ሙልሙሉን እየገመጠ ጓደኞቹን ተከትሎ ሮጠ።